«አብሮ መኖር» ወይስ «መፈራረቅ»? የአንድ ፊዚክስ ተመራማሪ ጥናቶች በአማርኛ

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
አጎቴ ጡረታ ሊወጡ ነው። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በሱፐርኮንዳክቲቪቲ (በጣም የቀዘቀዘ ቁስ ኤሌክትሪክን ያለ ተቃውሞ ማስተላለፉ) እና በመግነጢሳዊ ቁሶች ምርምር ነው። በሽኝታቸው የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እኔ እየጻፍሁ ነው። ከቢቸና የሚመጡት ዘመዶቻችን እንግሊዝኛ ርእስ ሲደረደር እንዲያንቀላፉ አልፈልግም። ሱፐርኮንዳክተርን «ልዕለ አስተላላፊ» ብለው ይበቃል? የመግነጢስነትና የሱፐርኮንዳክቲቪቲ «አብሮ መኖር»ስ ያስኬዳል? ቁሱ ወደዚህ ጠባይ የሚገባበትን «ወሳኝ ሙቀት» የሚለውንም እዩልኝ።

ከባሕር ዳር፣ የፊዚክስ መምህር፦
«ልዕለ አስተላላፊ» አይመቸኝም። ሰሚው ከመዳብ ትንሽ የሚሻል ሽቦ ይመስለዋል። የሆላንዱ ተመራማሪ ካመርሊንግ ኦነስ በ1911 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው) ላይደን ከተማ ውስጥ ባዜቃን ሲያቀዘቅዝ፣ 4.2 ኬልቪን ገደማ (ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ) ላይ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው በድንገት ጠፋ። በ1933 ደግሞ ማይስነርና ኦክሰንፌልድ እንዲህ ያለ ቁስ መግነጢሳዊ መስክን ከውስጡ ገፍቶ እንደሚያስወጣ አሳዩ። «አስተላላፊ» የሚለው ስም ይህን ሁለተኛውን ጠባይ ጨርሶ አይነካውም።

ከሞጣ፣ የቅኔ መምህር፦
ልጄ፣ ስም ሁሉን ካልተናገረ ተብሎ አይጣልም። «ልዕለ ኃያል» ስንል ከኃያል ጥቂት የበረታ ማለታችን ነውን? ሌላ ተርታ ማለታችን ነው። «ልዕለ አስተላላፊ» ይቆይ፤ ተቃውሞ አልባነቱንና መስክ ማስወጣቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስከትልለት። እኔን የከበደኝ «አብሮ መኖር» ነው። የሰላም ቃል ነው፤ ለሙሽሮች የሚመረቅ። ሁለቱ የማይስማሙ ከሆነ ለምን «ጣውንትነት» አይባልም?

ከባሕር ዳር፦
የኔታ፣ ጣውንት እንኳ አንድ ባል ሥር ትኖራለች፤ እነዚህ አንዳንዴ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። በ1977 የተገኘውን የኤርቢየም፣ የሮዲየምና የቦሮን ውሁድ ልንገርዎ። 8.7 ኬልቪን ላይ ልዕለ አስተላላፊ ይሆናል። ይበልጥ ሲቀዘቅዝ ግን፣ 0.9 ኬልቪን አካባቢ የኤርቢየም አተሞች መግነጢሳዊ አቅጣጫቸውን ያስተካክላሉ፤ ያን ጊዜ ልዕለ አስተላላፊነቱ ይጠፋል፣ ተቃውሞውም ይመለሳል። ምክንያቱ ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር በ1957 ባወጡት ንድፈ ሐሳብ ይገባናል። ተቃውሞ የሚጠፋው ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲጓዙ ነው፤ በተለመደው ዓይነት የጥንዱ ስፒኖች (የየኤሌክትሮኑ ጥቃቅን መግነጢሳዊ አቅጣጫዎች) ተቃራኒ ናቸው። ብረትን ማግኔት የሚያደርገው ሥርዓት ግን ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ ማሰለፍ ስለሚፈልግ ጥንዱን ይበትናል። ለዚህ ቁስ ትክክለኛው ቃል «መፈራረቅ» ነው።

በ2000 ግን ዩራኒየምና ጀርማኒየም ያሉበት ውሁድ በከፍተኛ ግፊት ሥር ሆኖ፣ ማግኔትነቱን ሳይተው ልዕለ አስተላላፊ ሲሆን ታየ። ለእርሱ «ተቻችሎ መኖር» ይሻላል። ስለዚህ ወንድሜ፣ ከቃሉ በፊት አጎትህ የትኛውን ቁስ እንዳጠኑ ጠይቃቸው።

ጠያቂ፦
ጠየቅኋቸው። የመጀመሪያው ሥራቸው በዚያው በኤርቢየሙ ውሁድ ላይ ነው፤ ሁሉም በወረቀትና በእርሳስ የተሰላ። ቤተ ሙከራ ለምን እንዳልገቡ ብጠይቃቸው «ማቀዝቀዣውን፣ ፈሳሽ ሂሊየምን ከየት አባቴ ላምጣ?» አሉኝ። በኋላ ከ2008 ወዲህ ወደ ታወቁት የብረት ውሁዶች አዘነበሉ፤ ከእነዚህ በአንዳንዶቹ ሁለቱ ጠባዮች አብረው ይታያሉ። ለመጀመሪያው «መፈራረቅ»፣ ለኋለኛው «ተቻችሎ መኖር» ብዬ ጻፍሁ። ጣውንቷን ሲሰሙ ሳቁ፤ «በንግግር ይሁን፣ በጽሑፍ አይግባ» ብለዋል።

ከሞጣ፦
አጎትህ ጨዋ ሰው ናቸው። «ወሳኝ ሙቀት»ንም ተወው። ሙቀቱ ምንም አይወስንም፤ ቁሱ ጠባዩን የሚለውጥበት ደጃፍ ነው። «የመለወጫ ሙቀት» በል። ዘመን መለወጫን የማያውቅ የቢቸና ሰው የለም።

ከባሕር ዳር፦
እስማማለሁ። ተመራማሪዎች ይህን ቁጥር ከፍ ለማድረግ ለምን እንደሚደክሙም አንድ መስመር ጨምርበት። ቤድኖርዝና ሙለር በ1986 መዳብና ኦክስጅን ባለበት ውሁድ በሩን ከከፈቱ በኋላ፣ በዓመቱ የኢትሪየም፣ የባሪየምና የመዳብ ኦክሳይድ 93 ኬልቪን ደረሰ። ናይትሮጅን ፈሳሽ የሚሆነው 77 ላይ ስለሆነ ቁሱን በእርሱ ማቀዝቀዝ ይበቃል፤ ከሂሊየም ጋር ሲተያይ ደግሞ እጅግ ርካሽ ነው። ለአጎትህ የወረቀትና የእርሳስ ዘመን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ዘመዶችህ ያለ ማብራሪያ ይረዱታል።

ጠያቂ፦
ገባ። አሁን የቀረኝ «ኤርቢየም»ን መድረክ ላይ ሳይደናቀፍ የሚያነብ ሰው ማግኘት ነው።