የዶክትሬት ማመልከቻዬ መልስ ዘገየ፤ ልጠይቅ ወይስ ልታገሥ?

ጥያቄ፦ ታኅሣሥ ላይ ከጅማ ሆኜ አሜሪካ ለሚገኙ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች አመልክቼ ነበር፤ አንዱ አልተቀበለኝም፣ መጋቢት ቢገባደድም የሁለቱ መልስ አልመጣም። እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር፣ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር፣ ደብዳቤው አሁን ገብቶ ይሆናል እያልኩ እብሰለሰላለሁ። ብጽፍላቸው እንደ ጉትጎታ ይቆጠርብኝ ይሆን?

መልስ 1፦ አይቆጠርብዎትም። ብዙዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የገንዘብ ድጋፍ ለፈቀዱላቸው አመልካቾች እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር እስከ ሚያዝያ 7፣ የመወሰኛ ጊዜ ስለሚሰጡ፣ ቀድሞ የተመረጠው ሰው ቦታውን ሲለቅ ለተጠባባቂው ዕድል የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ሰሞን ነው። ስለዚህ ዝምታውን እንደ እምቢታ አይቁጠሩት።

መልስ 2፦ የማመልከቻ ቁጥርዎን ጠቅሰው ለትምህርት ክፍሉ አስተባባሪ አንድ አጭር ኢሜይል ይላኩ፤ ፕሮፌሰሮቹን ግን አያስቸግሩ። የአይፈለጌ መልእክት ሳጥንዎንም ይመልከቱ፤ እኔ የቃለ መጠይቅ ጥሪዬን ያገኘሁት ቀኑ ካለፈ በኋላ እዚያ ውስጥ ነው።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ፤ ዛሬውኑ እጽፋለሁ።