አዲስ ዝርያ ለመሰየም እንስሳውን መግደል ተገቢ ነው?

ጠያቂው፦
ትንንሽ አጥቢ እንስሳትን የሚያጠና ሰው «አዲስ ዝርያ አገኘሁ» ሲል፣ እንስሳው አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ሙዚየም ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሳይንስ መጽሔት ላይ የተወሰኑ ምሁራን ይህን ልማድ ተቹ። በተለይ ቁጥሩ ለተመናመነ እንስሳ ፎቶ፣ የድምፅ ቅጂና ትንሽ የዲኤንኤ ናሙና ይበቃል አሉ። ከመቶ በላይ ባለሙያዎች ደግሞ ተቃውመው ጻፉ። እኔ ከተቺዎቹ ጋር ነኝ። ገና ስም ያላወጣንለትን ፍጥረት መግደል ይከብደኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የሙዚየም ባለሙያ፦
ስሜትህ ይገባኛል። ግን ትልቅ እንስሳ እያሰብክ ይመስለኛል። በ2021 ከኢንዶኔዥያዋ የሱላዌሲ ደሴት 14 አዳዲስ ዝርያዎች በአንድ ጥናት ተሰየሙ። ሁሉም ክሮሲዱራ የሚባለው ወገን ናቸው፤ አፈ ሹል፣ አይጥ መሳይ፣ ነፍሳት በል። ተመራማሪዎቹ 1,368 ናሙናዎች አይተዋል። ቢደረደሩልህ አንዱን ከሌላው አትለይም። የሚለዩት በራስ ቅላቸው፣ በጥርሳቸው፣ በጅራታቸውና በዲኤንኤያቸው ነው። የአንዲት ሚጢጢ እንስሳ ራስ ቅል በፎቶ እንዴት ይለካል?

እዚያው ደሴት ላይ ሌላም አለ። በ2012 ፓውሲደንቶሚስ የተባለ አይጥ ተሰየመ። መንጋጋ ጥርስ የሚባል ነገር የለውም! ሌሎቹ ከ2,000 በላይ የአይጥና የአይጥ ዘመድ ዝርያዎች ሁሉ አላቸው። የምድር ትል እንደሚበላም የታወቀው ሆዱ ተከፍቶ ነው።

እንስሳት ይኑሩ፦
ሁልጊዜ መግደል ግድ ነው ማለት ግን አይደለም። አውሮፓ ውስጥ ፒፒስትሬል የምትባል ትንሽ የሌሊት ወፍ አለች። ለረጅም ጊዜ አንድ ዝርያ ትባል ነበር። በ1990ዎቹ ድምፃቸው ሲቀረጽ ግማሾቹ በ45፣ ግማሾቹ ደግሞ ቀጠን ባለ ድምፅ በ55 ኪሎኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) አካባቢ እንደሚጮሁ ታየ። ሁለት ዝርያ ሆነው ተገኙ። ፍንጩ የመጣው ከድምፅ ነው፤ ሬሳ አላስፈለገም።

ኦሊንጊቶንም አስታውሱ። በ2013 ከኮሎምቢያና ከኢኳዶር ደመናማ ደኖች የተሰየመ፣ ዛፍ ላይ የሚኖር ትንሽ አጥቢ እንስሳ ነው። ናሙናዎቹ ለአሥርተ ዓመታት በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ በተሳሳተ ስም ተቀምጠው ነበር። መጀመሪያ መሳቢያውን ፈትሹ፣ ከዚያ ወጥመድ ዘርጉ።

የሙዚየም ባለሙያ፦
መሳቢያው ውስጥ የሆነ ሰው ስላስቀመጠው እኮ ነው የተገኘው። በነገራችን ላይ አንዲት ኦሊንጊቶ በሕይወት እያለች አሜሪካ ውስጥ ከአንድ መካነ እንስሳት ወደ ሌላው ተዘዋውራለች። ስንት ሰው አይቷታል፤ ሌላ ዝርያ ናት ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

የባዮሎጂ ተማሪ፦
ከአገራችን አንድ ልጨምር። በ1927 በግልገል አባይ ምንጭ አካባቢ አንዲት የውሃ አይጥ ተያዘች፤ ኒሎፔጋሚስ ትባላለች። ቺካጎ፣ ፊልድ ሙዚየም ነው ያለችው። እስካሁን ሌላ ናሙና የለም። በ2020 የታተመ ጥናት ከዚያችው ከአንዷ ዲኤንኤ አውጥቶ ዘመዶቿን ለየ። በ1927 ስለ ዲኤንኤ ምርመራ ማን ያውቅ ነበር?

እንስሳት ይኑሩ፦
እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው! ያኔም የቀሩት ጥቂት ቢሆኑስ? በ1844 አይስላንድ አጠገብ የመጨረሻዎቹ የሚባሉት ሁለት ግሬት ኦክ ወፎች የተገደሉት ለሰብሳቢዎች ነው።

የሙዚየም ባለሙያ፦
የግሬት ኦክ ታሪክ አሳፋሪ ነው፤ አልከላከልለትም። ግን ያን ወፍ ለዚያ ያደረሰው ለሥጋና ለላባ ለዘመናት መታደኑ ነው። የውሃ አይጧም አካባቢ ወደ እርሻና ግጦሽ ተለውጧል። ያልታወቀ እንስሳ ደኑ ሲመነጠር ጠበቃ የለውም። ጤናም አለ። በ1993 አሜሪካ ውስጥ ከአይጥ ወደ ሰው የሚተላለፈው ሃንታቫይረስ ሰው ሲገድል፣ ኒው ሜክሲኮ ሙዚየም ውስጥ ቀድሞ የተቀመጠ የአይጥ ቲሹ (ከአካሉ የተወሰደ ቁራጭ) ተመረመረ። ቫይረሱ ከወረርሽኙ በፊትም እንደነበረ ታወቀ። ያ ቲሹ ሲቀመጥ ማንም ለዚህ ብሎ አልነበረም።

ጠያቂው፦
የቲሹው ነገር አሳምኖኛል። በሽታ የሚያስተላልፍና በብዛት የሚራባ አይጥ ናሙና ቢወሰድ አልቃወምም። በአንድ ተራራ ጫፍ ላይ ብቻ ስለሚኖር እንስሳ ግን አቋሜ ያው ነው። በ2005 ከታንዛኒያ የተሰየመውን ኪፑንጂ የተባለ ዝንጀሮ ተመልከቱ። መጀመሪያ የተገለጸው በፎቶ ነው። ቆይቶ አንዱ በገበሬ ወጥመድ ሞቶ ሲገኝ አካሉ ተጠና፤ የተለየ ወገን መሆኑም ታወቀ። ተመራማሪ አልገደለም፤ ሳይንሱም አልቀረበትም።

የሙዚየም ባለሙያ፦
ዝንጀሮ በፎቶ ይለያል፤ ክሮሲዱራ አይለይም። ዓለም አቀፉ የስያሜ ደንብም በፎቶ መሰየምን ፈጽሞ አልዘጋም። ለተለየ ሁኔታ ትቶታል።

የባዮሎጂ ተማሪ፦
እንግዲያው እንስሳ ለመሰብሰብ ስለሚሰጠው ፈቃድ እንነጋገር። ስንት እንስሳ እንደሚወሰድ ወጥመዱ ከመዘርጋቱ በፊት ይጻፍ። ቆዳው፣ አጥንቱ፣ ቲሹው፣ የሆድ ዕቃውና ጥገኛ ተባዮቹ ሁሉ ይቀመጡ። ከናሙናዎቹ የተወሰኑት እንስሳው በተያዘበት አገር ሙዚየም ይቅሩ። የውሃ አይጧን ለማየት ቺካጎ ድረስ መሄድ የለብኝም።

እንስሳት ይኑሩ፦
ቁጥሩን የሚወስነው ግን ተመራማሪው ራሱ ከሆነ አልስማማም። የእንስሳውን ብዛት የሚያውቅ፣ ከጥናቱ ጥቅም የሌለው ሌላ ባለሙያ አብሮ ይፈርም።

የሙዚየም ባለሙያ፦
በዚህ እስማማለሁ። ችግሩ ገና ስላልተሰየመ ዝርያ ብዛቱን የሚያውቅ ሰው ከየት ይመጣል?