ጥቆማ፦ ደብረ ብርሃን ላይ የመታጠቢያ ቤት እርጥበት የሚያውቅ ባለሙያ ማን አለ? አከራይዋ «አላድስም» ብለዋል

ተከራይ 04 (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ ብሎኬት ነው፣ ሁለት ክፍልና መታጠቢያ ቤት ያለው ሰርቪስ። በሻወሩ በኩል ያለው ግድግዳ ቀለሙ አብጦ ይረግፋል። ያው ግድግዳ በመኝታ ቤቱ በኩል ከወለሉ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ድረስ ጠቁሯል፣ ሲነኩት ነጭ ዱቄት ይለቃል። አከራይዋ እትዬ «ስትታጠቡ መስኮት ስለማትከፍቱ ነው፣ ራሳችሁ አሠሩት» ይላሉ። ለዚህ የሚጠራው ቧንቧ ሠራተኛ ነው ወይስ ሴራሚክ ሠራተኛ? የውሃ መከላከያ ከየትኛው ሱቅ ይገዛል? ወጪው ከኪራይ እንዲታሰብስ ምን ይደረግ?

የጠባሴው ቧንቧ ሠሪ፦
እህቴ፣ ማንንም ከመጥራትሽ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ለዪ። አለበለዚያ ሁለቱም መጥተው ሁለቱም ያስከፍሉሻል።

መጀመሪያ ቆጣሪ። ውሃ በመጣበት ቀን ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዝጊ፣ የሽንት ቤቱ ገንዳ የሚሞላበትን መዝጊያም ጭምር። የቆጣሪውን ቁጥር ከቀዮቹ አሃዞች ጋር ፎቶ አንሺ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆይተሽ ድገሚው። ከተንቀሳቀሰ ግፊት ያለበት ቧንቧ እያፈሰሰ ነው። ግቢው በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀም ከሆነ ጎረቤቶችም መዝጋት አለባቸው። ውሃው የሚመጣው ከሮቶ ከሆነ ደግሞ ቆጣሪው አይነግርሽም፤ መሙያውን ዘግተሽ የሮቶውን ውሃ ልክ በእርሳስ ምልክት አድርጊና ዝቅ ማለት አለማለቱን እዪ።

ቆጣሪው ካልተንቀሳቀሰ ወደ ወለሉ ሂጂ። የወለሉን ፍሳሽ ማውጫ ጨርቅ በፌስታል ጠቅልለሽ ድፈኚው። 3 ሴንቲ ያህል ውሃ ሙዪና ጠርዙን ምልክት አድርገሽ 24 ሰዓት ተዪው። አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢጎድል ትነት ነው። ከዚያ በላይ ከጎደለ ወለሉ ወይም የሲፎኑ (የፍሳሽ ማውጫው) ዙሪያ ያሳልፋል፣ ያኔ ሥራው የሴራሚክ ሠራተኛ ነው።

የመናኸሪያው ደንበኛ፦
ዕቃ ከፈለግሽ መናኸሪያው አካባቢ ካለው ከትልቁ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ግዢ። ሌላ ቦታ አትሂጂ። እኛ ቤት ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ሌላ ሱቅ አናውቅም።

መንዜው፦
ከሱቁ በላይ የሚገጥመው ሰው ነው የሚያጠፋው። ጎረቤት ቤት የተሠራውን ልንገራችሁ። ባለሙያው ባለ 20 ሚሊ ፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ ፕላስቲክ) ቧንቧ ሲበይድ ከመጠን በላይ አሙቆት፣ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ቀዳዳውን ግማሽ ዘጋው። ሌላው መገጣጠሚያ ደግሞ በደንብ ሳይገባ ቀረ። ምንም ሳይፈትን ሴራሚክ ለጠፈበት። ሁለት ወር ሳይሞላ ግድግዳው በሙሉ ረጠበ። ሲጠሩት መጥቶ በሴራሚኩ መሃል ሲሊኮን ቀብቶ ገንዘብ ተቀብሎ ሄደ! ሲሊኮን ከፊት ያለውን ውሃ ያግዳል እንጂ ከኋላ የሚመጣውን ምን ያደርገዋል? እንዲያውም ውሃው መውጫ አጥቶ ወደ መኝታ ቤቱ ዞረ።

የጠባሴው ቧንቧ ሠሪ፦
መንዜው ልክ ነው። መበየጃው 260 ዲግሪ ላይ ሆኖ ባለ 20ው 5 ሴኮንድ፣ ባለ 25ቱ 7 ሴኮንድ ነው የሚሞቀው። ካስገቡት በኋላ ማሽከርከር የለም። ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ውሃ ተለቆበት ሁሉም መገጣጠሚያ በደረቅ ሶፍት ይዳሰስ። ሶፍቱ ከረጠበ ያኔውኑ ይቆረጣል። ይህን ሳያደርግ «ጨርሻለሁ» ለሚል ሰው አትክፈሉ።

የመናኸሪያው ደንበኛ፦
ያ የሆነው ቧንቧው ከሌላ ሱቅ ስለተገዛ ነው። ከኛ ሱቅ ቢሆን አይፈስም ነበር።

መንዜው፦
ቧንቧው የተገዛው ከዚያው ከምትለው ሱቅ ነው። ለሙቅ ውሃ ፒኤን 20 (ፒኤን ማለት ቧንቧው የሚችለው የግፊት ደረጃ ነው) ተብሎ ሲጠየቅ የተሰጠው ፒኤን 16 ነበር። ጎኑ ላይ ተጽፏል፣ ማንበብ ነው። ባለ 20 ሚሊ ሆኖ ፒኤን 20 ከሆነ የቧንቧው የራሱ ግድግዳ ውፍረት 3.4 ሚሊ ሜትር፣ ፒኤን 16 ከሆነ 2.8 ነው።

የመናኸሪያው ደንበኛ፦
ልጁ አሳስቶ አንስቶ ይሆናል። ባለሱቁ ግን እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለም።

ፋብሪካ ሰፈር፦
ወንድሜ፣ ባለሱቁ ይዳር ወይ ብሎ የጠየቀህ የለም። የተጠየቀው የአንዲት ተከራይ ግድግዳ ነው። ስለ ግድግዳው የምታውቀው ካለህ ንገራት፣ ከሌለህ የሚያውቁትን አትዝጋባቸው።

ሸዋ ሮቢት፦
የሻወሩ ጭንቅላት በነጭ ነገር ተደፍኖ ውሃ አልወርድ ካለ አዲስ አትግዙ። ፈትታችሁ ኮምጣጤ ውስጥ አሳድሩት፣ ጠዋት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት። ሲመለስ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን 6 ወይም 7 ዙር ጠምጥሙ።

ልስን ሠሪው፦
ጠያቂዋ ከጻፈችው ውስጥ ሁለት ነገር ያዙ፤ 60 ሴንቲ ሜትርና ነጭ ዱቄት። ነጩ ዱቄት ጨው ነው። ውሃ በግድግዳው ውስጥ አልፎ ሲደርቅ ጨዉን ፊት ላይ ይተወዋል። የሻወር እንፋሎት ጨው አያወጣም። እንፋሎት የሚቀመጠው ላይ ነው፣ ኮርኒሱ ጥግና መስኮቱ ዙሪያ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ከታች ተነስቶ በጉልበት ልክ የሚቆም ጥቁረት ከመሬት ወይም ከውጭ የሚገባ፣ አለዚያም ወለሉ ሥር የሚሰርግ ውሃ ነው።

እትዬን ሳትጨቃጨቂ የምታሳዪበት መንገድ አለ። 30 በ30 ሴንቲ የሆነ ወፍራም ላስቲክ መኝታ ቤቱ በኩል ባለው ጥቁር ግድግዳ ላይ አድርገሽ አራቱንም ጎን በፕላስተር አሽጊ። ከ2 ቀን በኋላ እሳቸው ባሉበት ክፈቺው። ውሃው ወደ ክፍሉ ባለው ፊት ላይ ከሆነ የክፍሉ እንፋሎት ነው፣ ያኔ መስኮት መክፈቱ የናንተ ፋንታ ነው። በግድግዳው በኩል ከረጠበ ግን ከውስጥ የመጣ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አልፎ ስለሚገኝ ግድግዳው ሌሊት በጣም ይቀዘቅዛል፣ ሁለቱም ባንድ ላይ የሚያጋጥም ቤት አለ። ስለዚህ ላስቲኩን ሁለት ቦታ ለጥፊው፤ አንዱን ታች፣ አንዱን በደረት ልክ።

ከዚያ ወደ ውጭ ውጪና የግድግዳውን እግር እዪ። አሸንዳ የሌለው ቆርቆሮ ክረምቱን ሙሉ እዚያ ያንጠባጥባል? የውጭው አፈር ከውስጡ ወለል ከፍ ብሏል? አፈሩ ከወለሉ ቢያንስ 15 ሴንቲ ዝቅ ማለት አለበት። ይህ ሳይስተካከል ውስጡን በምንም ዓይነት መከላከያ ብትቀቢው በሚቀጥለው ሐምሌ ይነሳል።

ምንጩ ከተዘጋ በኋላ ያበጠው ልስን ከጥቁረቱ መስመር 30 ሴንቲ ከፍ ብሎ እስከ ብሎኬቱ ይነሳ። ጨዉ በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ እንጂ በውሃ አይታጠብ፣ ተመልሶ ይገባል። ይድረቅ። ብሎኬት በሳምንት አይደርቅም፣ ክረምት ላይ ከሆነ በጋን ጠብቁ። አዲሱ ልስን 1 ሲሚንቶ ለ3 የታጠበ አሸዋ፣ ውሃ መከላከያው ፈሳሽ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን። ጀሶ መታጠቢያ ቤት አይገባም! ውሃ ይጠጣል፣ ሻጋታም ይወደዋል። ልስኑ ለ7 ቀን ውሃ ይረጭበት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከሆነ ሥራው ከቀትር በፊት ይለቅና ማታ በማዳበሪያ ይሸፈን፣ ውርጭ ያገኘው ትኩስ ልስን እንደ አመድ ይረግፋል። ዘይት ቀለም ከ28 ቀን በፊት አይነካ።

ወለሉ ከሆነ የሚያሳልፈው በሲሚንቶ መልክ የሚቀባው መከላከያ ይሻላል። አንዱ ቅብ በቁመት፣ ሁለተኛው በአግድም፤ ለሁለቱ በካሬ ሜትር ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይፈጃል። ግድግዳው ላይ 20 ሴንቲ ይውጣ፣ ሻወሩ ሥር ግን እስከ ሰው ቁመት። ጥጉ ላይ መረብ ይግባበት፣ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ጥጉ ነው። ሴራሚኩም ወደ ፍሳሹ በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ይዘቅዝቅ።

አከራይም ነኝ፦
አከራይ ሁሉ ክፉ አይደለም። ተከራይ የቧንቧ ጎማ ሳይቀይር ዓመት ሙሉ ያንጠባጥብና ግድግዳ ሲረጥብ አከራይ ይጠራል። ጥቃቅኑን እናንተ ብታደርጉት ትልቁ አይመጣም።

ሕግ አንባቢ፦
እውነት አለዎት፣ ሕጉም ይለየዋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤቱን በደህና ሁኔታ መጠበቅና ዋናውን ጥገና ማድረግ የአከራይ ግዴታ ነው። እንደ በር፣ መስኮትና ቧንቧ ያለው ጥቃቅን ጥገና ወደ ተከራይ ያደላል፣ በእርጅና የመጣ ካልሆነ በቀር። ከመሬት የሚወጣ እርጥበት ጥቃቅን አይባልም።

እህቴ፣ ኪራይ እንዳታቆሚ። ያቆምሽ ቀን ጥፋቱ ወደ አንቺ ይዞራል። ጥቁረቱን ሜትር ተዘርግቶበት በየሳምንቱ ፎቶ አንሺ። ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ጻፊ፤ የታየው ምን እንደሆነ፣ የቆጣሪውና የላስቲኩ ውጤት፣ እስከ መቼ እንዲጠገን እንደምትጠይቂ። አንዱን ቅጂ «ተቀብያለሁ» አስብለሽ አስፈርሚ። እትዬ ካልፈረሙ ሁለት ጎረቤት ባለበት ስጪ። ወጪው ከኪራይ እንዲታሰብ ከተስማሙ የዕቃው ዝርዝር፣ የሠራተኛው ዋጋና በስንት ወር እንደሚቀነስ ተጽፎ ይፈረም፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት። በቃል የተባለ ነገር ሰኔ ላይ ይረሳል።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ግን የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ ከተማ አስተዳደሩ ዘንድ ሄደሽ አጣሪ።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦
ሁላችሁም ግድግዳ ላይ ናችሁ፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ያ እርጥብ ግድግዳ ላይ የሻወር ማሞቂያ ተሰቅሏል? 5,500 ዋት የሆነው በ220 ቮልት 25 አምፒር ይስባል። በ2.5 ካሬ (ሚሊ ሜትር) ሽቦ የተገጠመ ከሆነ ሽቦው ይግላል፣ 6 ካሬ ነው የሚያስፈልገው። የመሬት ሽቦ ከሌለው ደግሞ የረጠበው ግድግዳ ራሱ ሊነዝር ይችላል። ቧንቧውን ስትነኩ ትንሽ እንኳ ከቆነጠጣችሁ ባልቦላውን አውርዱና ባለሙያ እስኪያየው በድስት አሙቃችሁ ታጠቡ። በ30 ሚሊ አምፒር የሚቆርጥ ብሬከር አስገቡ። እባካችሁ ይህን አታሳድሩት፣ ልጅ ያለበት ቤት ሊሆን ይችላል።

ተከራይ 04 (ጠያቂ)፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ቆጣሪው 2 ሰዓት ሙሉ አልተንቀሳቀሰም። ከውጭ በኩል አሸንዳ የለም፣ አፈሩም ከወለሉ ጋር እኩል ነው። ላስቲኩን ዛሬ ለጥፌያለሁ። እስከዚያ ግድግዳውን በረኪና ብቀባው ይጎዳል?

እናት ጓዳ፦
አንድ ኩባያ በረኪና ለ10 ኩባያ ውሃ፣ 15 ደቂቃ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ጓንት ተደርጎ። ሴራሚኩን ያጠራልሻል። ልስኑ ላይ ግን የላዩን ነው የሚያነጣው፣ ሻጋታው ከሥሩ ይመለሳል። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በፍጹም እንዳትቀላቅዪ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሻጋታውን በደረቁም አትፈቅፍቂው፣ ብናኙ ይበተናል።

ፋብሪካ ሰፈር፦
በዚሁ አጋጣሚ፣ ከእርጥብ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ የሻገተ ጋቢ ምን ያስለቅቀዋል? በረኪና ይሆናል?

እናት ጓዳ፦
ኧረ በጭራሽ! ጥለቱን ያበላሸዋል፣ ድሩንም ያሳሳዋል። መጀመሪያ ውጭ አውጥታችሁ አራግፉት። በኮምጣጤና በለብ ያለ ውሃ አንድ ሰዓት ዘፍዝፉና በሳሙና እጠቡት። ጥለቱን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ሁለት ቀን ሙሉ። ሳጥኑንም ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት።