የማርክ ቤላንጀር ጉዳይ፦ ለቤዝቦል የዝና አዳራሽ የምንልከው የጋራ ደብዳቤ፣ ረቂቅ 2

ሰብሳቢ፦ ወገኖች፣ የባልቲሞር ኦሪዮልስ ቡድን ሾርትስቶፕ (በ2ኛና በ3ኛ ቤዝ መካከል የሚከላከል ተጫዋች) ማርክ ቤላንጀር ኩፐርስታውን፣ ማለትም የዝና አዳራሹ፣ እንዲገባ የምንጠይቅበት ረቂቅ ይኸው። 8 ጎልድ ግላቭ (የምርጥ ተከላካይ ሽልማት)፣ 18 የውድድር ዘመን፣ የ1970 ዋንጫ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። እስከ እሑድ እርማታችሁን እጠብቃለሁ።

የቁጥር ክፍል፦ የዱላው (ኳስ የመምታት) ድክመት 4ኛ አንቀጽ ውስጥ መሸሸጉ ይጎዳናል። አማካይ ምቱ 0.228፣ ሆም ረኑ (ከሜዳ ያስወጣው ምት) በዕድሜ ልኩ 20 ብቻ ነው። መጀመሪያ መስመር ላይ እኛው እንናገረው። የመከላከል ስኬት መቶኛው ደግሞ ይውጣ፤ ኳስ ጋ ያልደረሰ ተጫዋች ስሕተት ስለማይመዘገብበት ዘገምተኛውን ከፈጣኑ አይለይም። በምትኩ ያዳናቸውን ራኖች፣ ማለትም ተጋጣሚ እንዳያገኛቸው ያደረጋቸውን ነጥቦች፣ እናስገባ። ቶታል ዞን በተባለው የመከላከል ስሌት ከአማካዩ ሾርትስቶፕ ወደ 240 ራን በልጦ አድኗል፤ ይህ አዳራሹ ከገባው ሾርትስቶፕ ከኦዚ ስሚዝ ጋር እኩል ያሰልፈዋል። «ወደ» የምትለዋ ቃል ግን እንዳትጠፋ። ስሌቱ የተሠራው ከጨዋታ መዝገብ በግምት ነው፤ በዚያ ዘመን ኳሱን የሚከታተል ካሜራ አልነበረም።

አባል፦ በኦዚ ባንጀምር ይሻላል። እሱ 13 ጎልድ ግላቭ፣ 2,460 ሂት (ቤዝ ያደረሰው ምት) እና 580 የተሰረቀ ቤዝ (ኳስ ሳይመታ በሩጫ የያዘው) ይዞ ነው በ2002 የገባው፤ የእኛው ሰው ሂት 1,316 ነው። የሚቀርበን በ2001 የገባው ባለ 2ኛ ቤዙ ተከላካይ ቢል ማዜሮስኪ ነው፦ 8 ጎልድ ግላቭ፣ አማካይ 0.260። እሱም ቢሆን የ1960ውን ዋንጫ የወሰነች ሆም ረን አለችው።

ሌላ አባል፦ በ1971 የኦሪዮልስ አራት ፒቸሮች (ኳስ ወርዋሪዎች) እያንዳንዳቸው 20 ወይም ከዚያ በላይ ጨዋታ ማሸነፋቸውስ? ከኋላቸው የቆመው ማን ነበር!

የቁጥር ክፍል፦ ይግባ፣ ግን እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ማብራሪያ። አጠገቡ 3ኛ ቤዝ ላይ ብሩክስ ሮቢንሰን ነበር፤ የሱን ድርሻ ለቤላንጀር ከሰጠን ታሪክ አዋቂዎቹ ወዲያው ይይዙናል።

ጸሐፊ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። የቀደመውን ዘመን የሚያየውና በየ3 ዓመቱ የሚሰበሰበው የአዳራሹ ኮሚቴ በታኅሣሥ 2027 ይቀመጣል። እጩዎቹ 8፣ ድምፅ ሰጪዎቹ 16 ናቸው፤ ለመግባት 12 ድምፅ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ከ3 እጩ በላይ ስለማይመርጥ ቢበዛ 4 ቢገቡ ነው። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ከ5 ድምፅ በታች ያገኘ እጩ በቀጣዩ ዙር እጩ መሆን አይችልም፤ ይህ ከተደገመበት በሩ ለዘለቄታው ይዘጋበታል። ስለዚህ ሳይዘጋጅ እጩ ማድረጉ ራሱ አደጋ አለው። «ይግባ» የሚለውን ጥያቄ አውጥተን፣ ሁለት ገጽ ማስረጃ መጀመሪያ እጩዎቹን ለሚያጣሩት የቤዝቦል ጋዜጠኞች ማኅበር ታሪክ አዋቂዎች እንላክ።

አባል፦ እስከ 2030 እንቆይ ማለትዎ ነው? እስከዚያ በዓይናቸው ሲጫወት ያዩት ይመናመናሉ። እኔ ለ2027 ነኝ።

ሰብሳቢ፦ ማስረጃው ይቅደም በሚለው ተስማምተናል ብዬ እይዛለሁ። የቁጥር ክፍል ሠንጠረዡን፣ ጸሐፊያችን መግቢያውን ያዘጋጁ። 2027 ወይስ 2030 የሚለውን እሑድ በድምፅ እንለያለን።