አንዶ ሾኤኪ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ፤ እስቲ እርዱኝ

ስለ አንዶ ሾኤኪ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ጃፓን፣ በሃቺኖሄ የኖረ ሐኪም ነው። ሰውዬው የጥንቱን የቻይና ጠቢብ ኮንፊሺየስን አይምርም። ሳያርሱ የሚበሉ ሁሉ፣ ጠቢባኑም ጭምር፣ ለእሱ ሌቦች ናቸው። ገዥና ተገዥን ያመጡትም እነሱ ናቸው ይላል። «ወንድ» እና «ሴት» የሚሉትን ፊደላት አጣምሮ «ሰው» ብሎ ማንበቡማ በጣም ነው የገረመኝ!

የጨነቀኝ እዚህ ጋ ነው። ተፈጥሮን ሲያብራራ ያው የቻይናዎቹን «ኪ» (ሁሉን የሚያንቀሳቅስ ኃይል) እና አምስቱን ባሕርያት፣ እንጨት፣ እሳት፣ አፈር፣ ብረትና ውሃን ይዞ ነው። ታዲያ ከቻይናዎቹ አስተሳሰብ ቤት ወጥቷል ወይስ እዚያው ሆኖ ነው የሚጣላው?

ደግሞ «ቾኮ» የሚለውን ቃሉን «በገዛ እጅ ማረስ» ብዬዋለሁ። ግን ጠበበብኝ። ለእሱ ሰማይና ምድርም «ቾኮ» ያደርጋሉ። የተሻለ ቃል ያላችሁ?