ፋጁ ሳህን ላይ ኢ. ኮላይን ያጠፋል፣ ጥጃ ላይ ግን አይሠራም፤ ምን ጎደለን?

ጥያቄ (የእንስሳት ጤና ላብራቶሪ)
ሰላም ለሁላችሁ። ተቅማጥ ከያዛቸው ጥጆች ያገኘነውን ኢ. ኮላይ የሚያጠቃ ባክቴሪዮፋጅ (ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ፣ ባጭሩ ፋጅ) ከእርባታው ፍሳሽ አውጥተናል። ፔትሪ ዲሽ (የላብራቶሪ ሳህን) ላይ ጥርት ያለ ፕላክ፣ ማለትም ባክቴሪያው የጠፋበት ክብ ቦታ፣ ይሠራል፤ ብዛቱም በሚሊ ሊትር 10⁹ ነው። ሙከራ በተፈቀደልን እርባታ፣ ጠዋት ወተት ሳይጠጡ 10 ሚሊ ሊትሩን ከግማሽ ሊትር የቧንቧ ውሃ ጋር ቀላቅለን በጡጦ ሰጠናቸው። ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 12 ቀን ነው። ለውጥ ግን የለም። ችግሩ የት ይሆን?

መልስ (የፋጅ ተመራማሪ)
ፋጁ አንጀት ሳይደርስ ያለቀ ይመስለኛል። ያልጠባ ጥጃ ጨጓራ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 2 አካባቢ ስለሆነ አብዛኛውን ፋጅ ይገድላል። ወተት ሲገባ ግን አሲዱ ለሰዓታት ይረግባል፤ ስለዚህ ወተቱን እንደጨረሱ ወዲያው ስጧቸው። እንግሊዝ አገር እነ ዊልያምስ ስሚዝ ለዚሁ ችግር ካልሲየም ካርቦኔት ተጠቅመዋል።
በላብራቶሪ አረጋግጡት። 0.9 በመቶ የጨው ውሃ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ወደ ፒኤች 2 አውርዳችሁ፣ 9.9 ሚሊ ሊትሩ ላይ 0.1 ሚሊ ሊትር ፋጅ ጨምሩ። 37 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ይቆይ። ከመዝራታችሁ በፊት ፒኤቹን ወደ 7 መልሱ፤ አለዚያ አሲዱ ሳህኑ ላይ ያለውን ባክቴሪያ ይጎዳና ቁጥሩ ያሳስታችኋል። በወተት የተቀላቀለ ሌላ ናሙናም ጎን ለጎን ይሠራ።

መልስ (የላብራቶሪ ቴክኒሻን)
እኔ ውሃውንም እጠረጥራለሁ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ፋጅ ይገድላል፤ በበረኪና ታጥቦ በደንብ ያልተለቀለቀ ጡጦም እንዲሁ። በተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ብቻ ማቅጠንም አይመከርም፤ ብዙ ፋጆች ማግኒዥየም ወይም ካልሲየም ሲያጡ ይፈርሳሉ። የተለመደው ማቅጠኛ ለ1 ሊትር 5.8 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ፣ 2 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት (ባለ 7 ውሃው) እና 50 ሚሊ ሊትር ባለ 1 ሞላር ትሪስ (ፒኤቹ እንዳይለዋወጥ የሚያደርግ ውህድ)፣ ፒኤች 7.5 ነው። 4 ዲግሪ ላይ አስቀምጡት።
የፋጁን ብዛት ከፍሪጁ ጠርሙስ ብቻ አትቁጠሩ። ጥጃው አፍ ሊገባ ሲል ከጡጦው 1 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ ቁጠሩ። የት እንደጠፋ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

መልስ (የእንስሳት ሐኪም)
የ12 ቀን ጥጃ ተቅማጥ ኢ. ኮላይ ነው ያላችሁ ማን ነው? ኢ. ኮላይ ከጤነኛ ጥጃ ሰገራም ይወጣል። ኤፍ5 (የቀድሞው ኬ99) የሚባለው አንጀት ላይ መጣበቂያ ያለው የኢ. ኮላይ ዝርያ በዋናነት የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ 4 እና 5 ቀናት ነው። ከዚያ በኋላ ሮታ ቫይረስ፣ ኮሮና ቫይረስና ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ይበዛሉ፤ የእናንተ ፋጅ እነዚህን አይነካም። አራቱንም የሚለይ ፈጣን መመርመሪያ ስላለ በዕድሜ ለይታችሁ መርምሩ።
ፋጅ ሰጠን ብላችሁ ፈሳሽ እንዳታቋርጡ፤ ጥጃ የሚገድለው ድርቀቱ ነው። የጥጃ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በሁለት የወተት ሰዓቶች መካከል ይሰጥ፤ ባይካርቦኔት ያለው ከሆነ ከወተት ጋር አይደባለቅ፣ ወተቱ እንዳይረጋ ያደርጋል። ዓይኑ ጎድጉዶ መቆም ያቃተው ጥጃ በደም ሥር ፈሳሽ ይፈልጋል።

ጠያቂ
እናመሰግናለን። ዶክተር፣ እንዳሉት ነው፤ ኤፍ5 የተገኘው በሁለቱ ትንንሾች ብቻ ነው። ሁለተኛ ፋጅ መጨመር አለብን?

መልስ (የፋጅ ተመራማሪ)
አዎ። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የእነ ስሚዝ ሥራ ሁለት ፋጅ ተቀላቅሎ ተቅማጡ ሳይጀምር ሲሰጥ አዳነ፣ ከጀመረ በኋላ ግን አልሠራም፤ ከሁለቱ አንዱ በሌላ ፋጅ ሲተካ ተቅማጥ ለጀመራቸውም ሠራ። በመጀመሪያው ቅልቅል ሳይድኑ ከሞቱት ጥጆች የአብዛኞቹ ቀጭን አንጀት ከሁለቱ ፋጆች አንዱን በተቋቋመ ባክቴሪያ ተሞልቶ ነበር።
እናንተም የመጀመሪያውን ፋጅ ተቋቁሞ ያደገውን ኮሎኒ ውሰዱና እሱን ማጥመጃ አድርጉት። 10 ሚሊ ሊትር የተጣራ ፍሳሽ፣ 10 ሚሊ ሊትር ድርብ ጥንካሬ ያለው ብሮዝ (የባክቴሪያ ማሳደጊያ ፈሳሽ)፣ 1 ሚሊ ሊትር በማደግ ላይ ያለ ባክቴሪያ፤ 37 ዲግሪ ላይ አሳድሩት። በሴንትሪፊዩጅ አሽከርክራችሁ በ0.45 ማይክሮን ፊልተር አሳልፉና ባክቴሪያው የተዘራበት ሳህን ላይ 10 ማይክሮ ሊትር እያንጠባጠባችሁ ፈትኑ። ፕላኩ ደብዛዛ ከሆነ ጣሉት፤ ባክቴሪያው ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ዓይነት ሊሆን ይችላል፣ የሺጋ መርዝ ዘረ መል የሚያስተላልፉትም ከነዚያ ውስጥ ናቸው።
መጠኑን ማብዛት አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው የእነ ስሚዝ ሥራ አንድ ጊዜ የተሰጠ 10⁵ ፋጅ ከባድ ተቅማጥ አድኗል። በዚያው ሥራ ጉዝጓዙ ላይ ፋጅ መርጨት፣ እንዲያውም ፋጅ የተሰጣቸው ጥጆች የነበሩበት ያልጸዳ ክፍል ውስጥ ማኖር ብቻ ሌሎቹን ጠብቋል። ስለዚህ ፋጅ የማይሰጣቸውን የማነጻጸሪያ ጥጆች በሌላ ክፍል፣ በሌላ ጡጦና በሌላ ሠራተኛ ያዙ።