ነፋስ በበረታ ቀን መብራት ሲቋረጥ ቤታችንን እንዴት እናዘጋጅ? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፣ ከአንኮበር ወረዳ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ከወፍ ዋሻ ደን ብዙ በማይርቅ መንደር ነው። የኤሌክትሪክ መስመራችን በባሕር ዛፍ መካከል አቋርጦ ስለሚመጣ፣ ነፋስ ሲነሣ ቅርንጫፍ ሽቦውን እየመታ ብልጭታ ሲረግፍ በዓይናችን አይተናል፤ ከሥሩ ያለው ሣር ደግሞ በበጋው ደርቆ ገለባ ሆኗል። ዛፉ እስኪመነጠር ድረስ ነፋስ በሚበረታባቸው ቀናት መብራት እንደሚቋረጥ፣ ይህም እስከ 2 ቀን ሊዘልቅ እንደሚችል ተነግሮናል። ደኑ ከሚቃጠል እኛ በጨለማ ብናድር ይሻላልና ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆነች ኢንሱሊኗ የሚቀመጠው በፍሪጅ ነው፤ ውኃችን የሚመጣው በፓምፕ፣ እንጀራችን የሚጋገረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። አስቀድሜ ምን ባዘጋጅ ይበጃል?

መልስ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ደብረ ብርሃን

እኅቴ፣ መብራቱ ሲጠፋ ከሚደርሰው ጉዳት ይልቅ ሲመለስ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ይከብዳል። መስመሩ ሲለቀቅ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥንና ቻርጀር ይቃጠላሉ። ስለዚህ መብራቱ እንደተቋረጠ ሁሉንም ከሶኬት ይንቀሉ፤ መመለሱን እንዲያውቁ አንድ አምፖል ብቻ በርቶ ይቆይ። ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ታግሠው፣ ኃይሉ መርጋቱን አይተው ፍሪጁን ይሰኩ። ምጣዱን በተለይ አይርሱት፤ ማጥፊያው ሳይዘጋ ተረስቶ፣ መብራት ሌሊት ሲመጣ ማንም በሌለበት የጋለ ምጣድ ቤት ሊያቃጥል ይችላል።

ቆጣሪዎ የካርድ ከሆነ አስቀድመው ይሙሉ። የወደቀ ሽቦ ካዩ ደግሞ፣ መብራት ጠፍቷል ብለው አይጠጉት፤ በማናቸውም ቅጽበት ሊለቀቅ ይችላልና ልጆችንና ከብቶችን አርቀው ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ይደውሉ።

መልስ፣ ነርስ፣ ደብረ ሲና

ስለ ኢንሱሊኑ አይጨነቁ፤ በእርስዎ አካባቢ 2 ቀን የሚያሰጋ አይደለም። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ቢኖርበትም፣ ተከፍቶ በጥቅም ላይ ያለው ብልቃጥ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት በአብዛኛው ለ28 ቀን ያገለግላል፤ ትክክለኛውን ቁጥር ከመድኃኒቱ ጋር ከመጣው ወረቀት ያረጋግጡ። የፍሪጁ በር ካልተከፈተ ቅዝቃዜው 4 ሰዓት ያህል ይቆያል። ከዚያ በኋላ ብልቃጡን አውጥተው ፀሐይ በማይደርስበትና ከምድጃ በራቀ የቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ ያኑሩት።

የአንኮበር ሰው ሊፈራ የሚገባው ከሙቀቱ ይልቅ ውርጩን ነው። አንድ ጊዜ ወደ በረዶነት የተለወጠ ኢንሱሊን ቀልጦ ደህና ቢመስልም ኃይሉ ስለሚቀንስ መጣል አለበት፤ ስለዚህ ሌሊት ውጭ ወይም መስኮት ሥር አያስቀምጡት፤ ከበረዶም ጋር አያነካኩት። ወደ አልዩ አምባ ወይም ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ያላችሁ ግን ሁለት የሸክላ ማሰሮ አዘጋጁ፤ ትንሹን በትልቁ ውስጥ አስገብታችሁ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ ሙሉ፤ ብልቃጡን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ በውስጠኛው አኑሩና በእርጥብ ጨርቅ ክደኑት። ውኃው እየተነነ ሲሄድ ያቀዘቅዘዋል።

በኦክስጅን ማመንጫ መሣሪያ የሚተነፍስ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ካለ ጉዳዩ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ሲሊንደር ሳይዘጋጅለት ወይም ኃይል ወዳለበት ጤና ተቋም ሳይወሰድ መቋረጡን መጠበቅ አይገባም።

መልስ፣ ከመንዝ

እኔን የሚያሳስበኝ መብራቱን የምንተካበት ነገር ነው። መብራቱ የሚቋረጠው እሳት እንዳይነሣ ከሆነ፣ በዚያው ነፋሻ ቀን ደጅ ላይ ሦስት ጉልቻ ጎልተን እሳት ብናነድ የተቋረጠበትን ምክንያት እናፈርሳለን። እኛ ዘንድ በጓሳ ሣር የተከደነ ቤት አለ፤ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። እንጀራውን ነፋሱ ከመነሣቱ በፊት ጋግሩት፤ ዳቦ፣ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ለ2 ቀን ምንም አያንሱም። የታለበው ወተት እርጎ ይሁን። ረመጡን በአመድ ዳፍኖ መተው የለመድነው ነገር ቢሆንም በነፋስ ቀን አያዋጣም፤ ውኃ አፍስሳችሁበት፣ በእጅ ሲዳሰስ እስኪቀዘቅዝ አትድፉት። በኩራዝና በሻማ ፈንታ የእጅ ባትሪ ወይም የሶላር መብራት ይኑራችሁ።

ከሰል ደግሞ ያፍናል። ጎረቤቶቼ ለብርድ ብለው የከሰል ማንደጃ መኝታ ቤት አስገብተው በር ዘግተው ተኙ፤ ሲነጋ በር ሰብረን ራሳቸውን እንደሳቱ አወጣናቸው፤ ጥቂት ብንዘገይ ኖሮ አናገኛቸውም ነበር። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ፍሙ ጭሱ አልቆ ደም መስሎ ሲቀላም ይወጣል። ለብርዱ ጋቢና ብርድ ልብስ ይደረብ፤ ማንደጃ ግን ከመኝታ ቤት አይግባ። ጄኔሬተር ያለውም ሰው ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር አርቆ ውጭ ያስነሣው።

መልስ፣ የጣርማ በር ተወላጅ፣ ከካሊፎርኒያ

እዚህ እንዲህ ያለው መቋረጥ የተለመደ ሆኗል። ጥቅምት 29 ቀን 2011 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ መስመር የተነሣ እሳት ፓራዳይዝ የተባለችውን ከተማ አቃጥሎ 85 ሰዎች ሞተዋል፤ ከዚያ ወዲህ አየሩ ሲደርቅና ነፋስ ሲበረታ መስመር አስቀድሞ ማቋረጡ እየተዘወተረ መጥቷል። ካየሁት አንድ ነገር ልጨምር፦ ነፋሱ ስለቆመ ብቻ መብራት አይመለስም። ሠራተኞች መስመሩን በቀን ብርሃን ተከትለው፣ የተበጠሰ ሽቦና የወደቀ ቅርንጫፍ አለመኖሩን ማየት ይኖርባቸዋል። ስለዚህ 2 ቀን ከተባላችሁ ለ3 ቀን ተዘጋጁ፤ ውኃም ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ለመጠጥና ለምግብ ብቻ ያዙ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኢንሱሊኑን መስኮት ሥር ላኖረው አስቤ ነበርና በጊዜ ነግራችሁኛል። አንድ ቀረኝ፤ ኔትወርክም አብሮ ከጠፋ እሳት ቢነሣ እንዴት እንሰማለን?

መልስ፣ ከመንዝ

የስልክ ማማው በባትሪ የሚቆየው ለተወሰነ ሰዓት ስለሆነ በእርሱ ብቻ አትተማመኑ። በድንጋይ ባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ይኑራችሁ። ከዚያ በላይ ግን ዛሬውኑ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ፦ ሌሊት በተራ የሚጠብቅ ሰው መድቡ፤ እሳት ሲታይ የቤተ ክርስቲያን ደወል እንዲደወል ከካህናቱ ጋር ተስማሙ፤ እናትዎን ደግፎ ወደ መኪና መንገድ የሚያወጣውን ሰው በስሙ ለይታችሁ አሁኑኑ ንገሩት። ብልቃጡ፣ መርፌው፣ መታወቂያዋና ጋቢዋ በአንድ ከረጢት ተዘጋጅተው በሩ አጠገብ ይሰቀሉ።